የኪሳችን ባንክ እና የዩኤስቢ ገመድ፦ ስልክን ከኮምፒዩተር ጋር ስናገናኝ ልናውቃቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ተንቀሳቃሽ ስልክ ከመነጋገሪያነት አልፎ የኪስ ባንክ ከኾነ ሰነባብቷል። አርሶ አደሩ የሸጠውን ምርት ዋጋ፣ ቤተሰብም ከሩቅ የተላከለትን ገንዘብ በስልክ ይቀበላል። የከተማ ነዋሪው የአገልግሎት ክፍያውን ከቤቱ ሳይወጣ ይፈጽማል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ እና ባንኮችም የየራሳቸውን የስልክ መተግበሪያ ካስፋፉ ወዲህ፣ ስልኩ በሌላ ሰው እጅ የገባበት ሰው የሚያሳስበው የዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም።

ስልክ ሲበላሽ ወደ ጠጋኝ ይወሰዳል። ጠጋኙ ገመድ ሰክቶ ከኮምፒዩተር ጋር ያገናኘዋል፤ አንዳንዴም "ዩኤስቢ ዲበጊንግ ይክፈቱልኝ" ይላል። ከሩቅ ኾኖ የሚያግዝ ባለሙያ ደግሞ "ይህን መተግበሪያ ይጫኑና የሚያሳይዎትን ቁጥር ይንገሩኝ" ሊል ይችላል። ሁለቱም ተገቢ የሥራ ጥያቄዎች ሊኾኑ ይችላሉ፤ ይኹን እንጂ ሁለቱም የስልኩን በር ለሌላ ሰው የሚከፍቱ ናቸው። በሩ እንዴት እንደሚከፈት፣ አልከፈት ሲል ምን እንደሚደረግ፣ ከሥራ በኋላም እንዴት እንደሚዘጋ ማወቅ ለስልክ ባለቤት ሁሉ ይጠቅማል።

ገመዱ በውስጡ ምን ይዟል?

ዩኤስቢ የተባለው የግንኙነት ሥርዓት የመጀመሪያ ደረጃው ይፋ የኾነው እ.አ.አ በ1996 ነው። ከዚያ በፊት ማተሚያው፣ የቁልፍ ሰሌዳው እና ማውዙ ለየብቻ የሚሰኩባቸው የተለያዩ መሰኪያዎች ነበሯቸው። ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍት እና አይቢኤምን ጨምሮ ሰባት ኩባንያዎች ይህን ኹሉ በአንድ ዓይነት መሰኪያ ለመተካት በጋራ ሠሩ። እ.አ.አ በ2000 የወጣው ኹለተኛው ትውልድ በሰከንድ እስከ 480 ሜጋቢት መረጃ ማስተላለፍ ቻለ። ዛሬ በአዳዲስ ስልኮች ላይ የምናየው፣ በየትኛውም በኩል ቢገለበጥ የሚገባው ታይፕ ሲ መሰኪያ ደግሞ እ.አ.አ በ2014 ይፋ ኾነ።

በተለመደው የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ቀዩ 5 ቮልት ኤሌክትሪክ ያመጣል፤ ጥቁሩ መመለሻው ነው። አረንጓዴውና ነጩ ሽቦዎች መረጃ ያመላልሳሉ። ስልኩ ኃይል ለመሙላት የሚያስፈልጉት የመጀመሪያዎቹ ኹለቱ ብቻ ናቸው። ከኮምፒዩተር ጋር ለመነጋገር ግን አራቱም የግድ ይላሉ።

በገበያ ላይ በርካሽ ከሚሸጡ ገመዶች አንዳንዶቹ የመረጃ ሽቦ የላቸውም። ስልኩን በሚገባ ይሞላሉ፤ ኮምፒዩተሩ ግን ስልክ መሰካቱን እንኳ አያውቅም። ስለዚህ "ቻርጅ ያደርጋል፣ ኮምፒዩተር ላይ ግን አይታይም" የሚለው ችግር ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስልኩ ሳይኾን ገመዱ ነው።

ከዚህ ሌላም ቁም ነገር አለ። በገጠር ለመብራት ከሚያገለግሉ አነስተኛ የፀሐይ ኃይል መሣሪያዎች ላይ ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ኃይል ብቻ ይሰጣል፤ ከስልኩ መረጃ የሚወስድበት መንገድ የለውም። የግድግዳ ቻርጀርም እንዲሁ ነው። የኮምፒዩተር ቀዳዳ ግን ኃይልም መረጃም ያመላልሳል። በገበያ ቀን ስልክን ቻርጅ ለማስደረግ ለባለ ሱቅ ትቶ የሚሄድ ሰው ስልኩ የሚሰካው በማከፋፈያ ላይ ይኹን በኮምፒዩተር ላይ ማየቱ ተገቢ ነው። የመክፈቻ ቁጥሩን ወይም ፓተርኑን ለማንም መንገር አያስፈልግም፤ ስልክ ለመሙላት መከፈት የለበትም።

ስልኩ በኮምፒዩተር ላይ ካልታየ

የሰርግ ፎቶ፣ የልጅ ሰነድ ወይም የማኅበር መዝገብ ከስልክ ወደ ኮምፒዩተር ለመገልበጥ ሲሞከርና ሳይሳካ ሲቀር ቀላሉን አስቀድሞ፣ ከባዱን አስከትሎ መፈተሽ ጊዜና ገንዘብ ያድናል።

መጀመሪያ የስልኩን መቆለፊያ ይክፈቱ። የተቆለፈ የአንድሮይድ ስልክ ፋይሎቹን ለኮምፒዩተር አያሳይም፤ ይህ ብልሽት ሳይኾን ጥበቃ ነው።

ቀጥሎ ከስልኩ ስክሪን አናት ወደ ታች በመሳብ የሚወጣውን ማሳወቂያ ይመልከቱ። እ.አ.አ ከ2015ቱ አንድሮይድ 6 ጀምሮ ስልኮች ገመድ ሲሰካባቸው የሚመርጡት ኃይል መሙላትን ብቻ ነው። ማሳወቂያውን ነክተው "ፋይል ማስተላለፍ" የሚለውን ካልመረጡ ኮምፒዩተሩ ባዶ ማኅደር ያሳያል፤ ወይም ምንም አያሳይም።

ማሳወቂያው ጨርሶ ካልወጣ ገመዱን ይቀይሩ። ፋይል ማስተላለፉ በሌላ ስልክ ላይ የተረጋገጠ ገመድ ቢኾን ይመረጣል። የኮምፒዩተሩንም ቀዳዳ ይቀይሩ። በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ከፊት ያለው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ የላላ ስለሚኾን ከኋላ ያለውን መሞከር ይበጃል። በመካከል ማከፋፈያ ካለ ያውጡት። ገመዱም አጭር ይኹን፤ ለኹለተኛው ትውልድ ዩኤስቢ የሚፈቀደው ርዝመት እስከ 5 ሜትር ሲኾን፣ ጥራት የሌለው ገመድ ግን ከዚያ ባነሰም ይቆራረጣል።

ይህም ካልሠራ የስልኩን ቀዳዳ በብርሃን ይመልከቱ። በእርሻ፣ በወፍጮ ቤት ወይም በአቧራማ መንገድ የሚውል ሰው ስልክ ቀዳዳው በአቧራና በልብስ ብናኝ ይደፈናል። ምልክቱ ገመዱ እስከ መጨረሻው አለመግባቱ፣ ወይም ካላዘነበሉት ቻርጅ አለማድረጉ ነው። ስልኩን አጥፍተው በቀጭን የእንጨት ስንጥር በዝግታ ብናኙን ማውጣት ይቻላል። መርፌና ሽቦ ግን አይጠቀሙ፤ የውስጡን ቀጫጭን የብረት ጥርሶች ያጣምማሉ። ውኃም አይንካው።

ኹሉም ተሞክሮ ካልኾነ ኹለቱንም መሣሪያዎች አጥፍቶ ማብራት ያስፈልጋል። ዊንዶውስ በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ለስልኩ የሚያስፈልገው ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒዩተሩን ከስልኩ ጋር የሚያግባባው አነስተኛ ፕሮግራም፣ ጎድሎ ሊኾን ይችላል። ድራይቨሩ መውረድ ያለበት ከስልኩ አምራች ይፋዊ ገጽ ነው። በማይታወቁ ገጾች ላይ "ኹሉን ስልክ የሚያሠራ" ተብሎ የሚቀርብ ፕሮግራም ከጥቅሙ ይልቅ ይዞት የሚመጣው ቫይረስ ሊያመዝን ይችላል።

የአይፎን ስልክ የያዘ ሰው ሌላ ጥያቄ ይቀርብለታል። ገመዱ ሲሰካ "ይህን ኮምፒዩተር ያምኑታል?" የሚል መልእክት ይወጣል። ካልተፈቀደ ፎቶም ፋይልም አያልፍም። ኮምፒዩተሩ የራስዎ ወይም የሚያምኑት ሰው ካልኾነ መልሱ "አላምንም" መኾን አለበት።

ዩኤስቢ ዲበጊንግ ምንድን ነው?

ዲበጊንግ ማለት በፕሮግራም ውስጥ ያለን ስሕተት ፈልጎ ማረም ነው። ዩኤስቢ ዲበጊንግ የስልክ መተግበሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሠሩትን በስልክ ላይ እንዲሞክሩ፣ ስሕተቱንም እንዲያዩ የተዘጋጀ መንገድ ነው። ጠጋኞችም የማይነሣ መተግበሪያን ለማስወገድ፣ ስክሪኑ የተሰበረ ስልክን በኮምፒዩተር ለማየት፣ ወይም ስልኩ የሚጠፋበትን ምክንያት ለመመርመር ይጠቀሙበታል።

ከፋይል ማስተላለፍ ጋር ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። ፋይል ማስተላለፍ ፎቶ፣ ቪዲዮና ሰነድ ያሳያል። በዲበጊንግ የገባ ኮምፒዩተር ከዚያ አልፎ መተግበሪያ መጫንና ማጥፋት፣ የስክሪኑን ምስል ማንሣት፣ ጣት እንደነካው አድርጎ ስክሪኑን ማዘዝ፣ ለመተግበሪያም ፈቃድ መስጠት ይችላል። ለቤት ማስመሰያ ብናመጣለት ፋይል ማስተላለፍ እንግዳን ሳሎን ማስቀመጥ ነው፤ ዲበጊንግ ደግሞ የየክፍሉን ቁልፍ መስጠት ነው።

በዚህ ምክንያት ነው አማራጩ በስልኩ ውስጥ የተደበቀው። እ.አ.አ በ2012 ከወጣው አንድሮይድ 4.2 ጀምሮ ለገንቢዎች የተዘጋጀው ዝርዝር በቀላሉ አይታይም። እሱን ለማውጣት ወደ ሴቲንግ ገብቶ "ስለ ስልኩ" የሚለውን መክፈት፣ እዚያም የግንብ ቁጥር ወይም በእንግሊዝኛው አጠራር "ቢልድ ነምበር" የሚለውን 7 ጊዜ በተከታታይ መንካት ያስፈልጋል። ስልኩ የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቅና "አሁን ገንቢ ነዎት" የሚል መልእክት ያሳያል። ከዚያ "የገንቢ አማራጮች" የሚለው ዝርዝር ይከፈታል፤ ዩኤስቢ ዲበጊንግ የሚገኘው በውስጡ ነው። በአንዳንድ ስልኮች የግንብ ቁጥሩ "የሶፍትዌር መረጃ" በሚል ንዑስ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።

ዲበጊንግ በርቶ ገመዱ ሲሰካ ወሳኙ ጥያቄ በስልኩ ስክሪን ላይ ይመጣል፦ "ዩኤስቢ ዲበጊንግ ይፈቀድ?" የሚል። ከሥሩም የኮምፒዩተሩን ማንነት የሚያመለክት ረጅም የፊደላትና የቁጥሮች ሰንሰለት ይታያል። ይህ ጥበቃ የተጨመረው በአንድሮይድ 4.2.2 ነው። ከዚያ በፊት ዲበጊንጉ የበራ ስልክ ለተሰካበት ኮምፒዩተር ኹሉ ክፍት ነበር።

በዚያው መስኮት ላይ "ይህን ኮምፒዩተር ኹልጊዜ ፍቀድ" የሚል አነስተኛ ሳጥን አለ። ኮምፒዩተሩ የራስዎ ካልኾነ ሳጥኑን አይንኩት። ለዕለቱ ብቻ መፍቀድ ለጠጋኙ ሥራ በቂ ነው። ሳጥኑ ምልክት ከተደረገበት ኮምፒዩተሩ በሌላ ቀን ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ሊገባ ይችላል። አንድሮይድ 11 እና ከዚያ በኋላ የወጡት ለ7 ቀናት ያልተገናኘን ኮምፒዩተር ፈቃድ በራሳቸው እንዲሰርዙ ተደርገዋል፤ የቆዩ ስልኮች ግን ይህ የላቸውም።

ግንኙነቱ እምቢ ሲል

በኮምፒዩተሩ በኩል ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ኤዲቢ የተባለ የጎግል ነጻ መሣሪያ ነው። ይህ ክፍል በተለይ ለጀማሪ ጠጋኞችና ለቴክኖሎጂ ተማሪዎች ይጠቅማል። መሣሪያው የተገናኙ ስልኮችን እንዲዘረዝር ሲታዘዝ ከሚሰጠው መልስ ችግሩ የት እንዳለ ማወቅ ይቻላል።

ዝርዝሩ ባዶ ከኾነ ኮምፒዩተሩ ስልኩን አላየውም። ገመድ፣ ቀዳዳ፣ ድራይቨር እና የዲበጊንጉ መብራት በቅደም ተከተል ይፈተሹ። በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ ስልኩ እየታየ "ፈቃድ የለም" የሚል መልስ ከመጣ ደግሞ የተጎደለው የስልኩ ፈቃድ ሳይኾን ተጠቃሚው መሣሪያውን እንዲነካ የሚያስችለው የሥርዓቱ ደንብ ነው።

"አንኦተራይዝድ" የሚል መልስ ከመጣ ገመዱም ድራይቨሩም ደኅና ናቸው፤ የሚጠበቀው የባለቤቱ ፈቃድ ነው። የስልኩን መቆለፊያ ከፍቶ ጥያቄውን መመለስ ያስፈልጋል። ጥያቄው ካልወጣ በገንቢ አማራጮች ውስጥ "የዲበጊንግ ፈቃዶችን ሰርዝ" የሚለውን ተጭኖ፣ ገመዱን ነቅሎ እንደገና መሰካት አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔ ይኾናል።

"ኦፍላይን" የሚል መልስ ስልኩ ታይቶ ንግግሩ መቋረጡን ያመለክታል። ብዙ ጊዜ መነሻው የላላ ገመድ ወይም በኮምፒዩተሩ ውስጥ የቆየ የኤዲቢ ሂደት ነው። ሂደቱን ዘግቶ እንደገና ማስጀመር፣ ካስፈለገም ስልኩን አጥፍቶ ማብራት ያስተካክለዋል። "ዲቫይስ" የሚል መልስ ከመጣ ግንኙነቱ የተሟላ ነው።

ግንኙነቱ ተመሥርቶ በየጊዜው የሚቆራረጥ ከኾነ የኃይል ጉዳይም ይታሰብ። የኹለተኛው ትውልድ የኮምፒዩተር ቀዳዳ እንዲሰጥ የሚጠበቅበት እስከ 500 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ባትሪው ያለቀ ስልክ ወይም ብዙ ዕቃ የተሰካበት ማከፋፈያ ከዚህ በላይ ሲፈልግ ግንኙነቱ ይወድቃል። ስልኩን አስቀድሞ በግድግዳ ቻርጀር ሞልቶ ማምጣት ይበጃል።

ስክሪኑ የተሰበረ ስልክ

በጥገና ቤቶች ብዙ ጭንቀት የሚታየው በዚህ ጉዳይ ነው። ስክሪኑ ሲሰበር ብዙዎች ፎቶውም ገንዘቡም አብሮ የጠፋ ይመስላቸዋል። መረጃው የሚቀመጠው ግን በስክሪኑ ላይ ሳይኾን በስልኩ ውስጥ ባለው ማከማቻ ላይ ነው። ገንዘቡማ ከነአካቴው ስልኩ ውስጥ የለም፤ በባንኩ ወይም በአገልግሎት ሰጪው መዝገብ ላይ ነው። ሲም ካርዱን በሌላ ስልክ ላይ አድርጎ አገልግሎቱን መቀጠል ይቻላል፤ ሲሙ ከተበላሸም በመታወቂያ ይተካል።

ፎቶና ሰነዱን ለማውጣት ሦስት መንገዶች አሉ። ስክሪኑ ምስል እያሳየ ንክኪ ብቻ እምቢ ካለ፣ ኦቲጂ በተባለ አነስተኛ ማገናኛ ተራ የኮምፒዩተር ማውዝ በስልኩ ላይ መሰካት ይቻላል። ስልኩ ይህን የሚቀበል ከኾነ ቀስት ብቅ ይልና በማውዙ ቁጥሩን አስገብቶ መክፈት ይቻላል። ለዚህ ዲበጊንግ አያስፈልግም።

ስክሪኑ ጨርሶ ከጨለመ ግን አስቀድሞ ዲበጊንግ የበራበትና ኮምፒዩተሩም የተፈቀደለት ስልክ ብቻ ነው በገመድ ሊታይ የሚችለው። ስክሪፒ የተባለው፣ እ.አ.አ በ2018 የወጣ ነጻ ፕሮግራም የስልኩን ስክሪን በኮምፒዩተር ላይ አሳይቶ በማውዝና በቁልፍ ሰሌዳ ለማዘዝ ያስችላል። ዲበጊንጉ ካልበራ ግን ስክሪኑ ከጨለመ በኋላ ማብራት አስቸጋሪ ነው፤ ፈቃዱ የሚሰጠው በዚያው በጨለመው ስክሪን ላይ ነውና።

ሦስተኛው መንገድ ስክሪኑን መቀየር ነው። ስክሪን ሲቀየር መረጃው እንዳለ ይቆያል። "መረጃው እንዲወጣ ስልኩ መፎርማት አለበት" የሚል ሰው ካጋጠመ ግን ሥራውን ማስቆም ይገባል፤ ፎርማት ማድረግ መረጃን ያጠፋል እንጂ አያወጣም።

ታዲያ ስክሪን ሊሰበር ይችላል ተብሎ ዲበጊንግን አብርቶ መተው ይገባልን? ለብዙኃኑ ተጠቃሚ መልሱ አይገባም ነው። የተሻለው ዋስትና ፎቶንና ሰነድን በየጊዜው በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ከዚህም ሌላ አንዳንድ የባንክ መተግበሪያዎች የገንቢ አማራጮች በበሩበት ስልክ ላይ አልሠራም ይላሉ። ከጥገና በኋላ የባንክ መተግበሪያቸው እምቢ ያላቸው ሰዎች መጀመሪያ ሊፈትሹ የሚገባው ይህንኑ ነው።

ያለ ገመድ የሚደረግ ዲበጊንግ

ዲበጊንግ በዋይፋይም ይቻላል። እ.አ.አ በ2020 የወጣው አንድሮይድ 11 ስልኩና ኮምፒዩተሩ በአንድ ዋይፋይ ላይ ኾነው ባለ 6 አሐዝ ቁጥር በማስገባት እንዲጣመሩ አድርጓል። የቆየው አሠራር ግን 5555 በተባለ የኔትወርክ በር ላይ የሚጠብቅ ነበር። እ.አ.አ በ2018 መጀመሪያ ላይ የተገኘው ኤዲቢ ማይነር የተሰኘ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ይህ በር ተከፍቶ የተተወባቸውን መሣሪያዎች በኢንተርኔት እየፈለገ ገብቷል። ከተጠቁት ውስጥ የአንድሮይድ ቴሌቪዥኖችና የቴሌቪዥን ሳጥኖች ይገኙበታል። ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሳጥን ያለው ሰው በሴቲንጉ ውስጥ ዲበጊንግ መጥፋቱን ማረጋገጥ ይጠበቅበታል።

የርቀት እገዛ፦ ጥቅሙና አደጋው

ኤኒዴስክ፣ ቲምቪወር እና መሰል መተግበሪያዎች አንድ ሰው ሌላ ከተማ ኾኖ የእርስዎን ስክሪን እንዲያይ፣ ሲፈቀድለትም እንዲያዝ ያስችላሉ። ከተማ የሚኖር ልጅ ገጠር ላሉ ወላጆቹ ስልክ ያስተካክላል፤ በውጭ አገር ያለ ዘመድ የቤተሰብን ኮምፒዩተር ይጠግናል። ለሕብረት ሥራ ማኅበር የሒሳብ ፕሮግራም የጫነ ባለሙያም ሳይመላለስ ችግሩን ይፈታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። መተግበሪያው ሲከፈት ለመሣሪያው የተሰጠ ቁጥር ያሳያል። አጋዡ ቁጥሩን በራሱ በኩል ያስገባል፤ ባለቤቱም በስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ጥያቄ ይቀበላል። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ስክሪን ማየት አንድ ፈቃድ ነው፤ ስክሪን ማዘዝ ደግሞ ሌላ ተጨማሪ ፈቃድ ይጠይቃል። ማየት ብቻ በሚበቃበት ጊዜ ማዘዝን አለመፍቀድ ብልኅነት ነው። አጋዡ በስልክ እየነገረዎት በገዛ እጅዎ ይንኩ።

ግንኙነቱ ካልሠራ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የኢንተርኔት ድክመት ነው። የምስሉን ጥራት ዝቅ ማድረግ፣ ሌሎች መተግበሪያዎችን መዝጋት፣ የተሻለ ሲግናል ወዳለበት ቦታ መሄድ ይረዳል። አጋዡ ጥቁር ስክሪን ብቻ ካየም ኹልጊዜ ብልሽት አይደለም። አንዳንድ የባንክ መተግበሪያዎች ስክሪናቸው በሌላ ሰው እንዳይታይ ኾን ብለው ይከለክላሉ። ግንኙነቱ ስልኩ ሲቆለፍ የሚቋረጥ ከኾነ ደግሞ የባትሪ ቁጠባው መተግበሪያውን እየዘጋው ሊኾን ይችላል።

አደጋው የሚመጣው ጥያቄው ከማይታወቅ ሰው ሲነሣ ነው። አጭበርባሪዎች "ከባንክ ነው የምንደውለው"፣ "ሽልማት ደርሶዎታል"፣ "መለያዎ ሊዘጋ ነው" ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ መተግበሪያ እንዲጫንና ቁጥሩ እንዲነገራቸው ይጠይቃሉ። ከተፈቀደላቸው በኋላ የሚስጥር ቁጥር ባይነገራቸው እንኳ በጽሑፍ መልእክት የሚመጣውን የማረጋገጫ ኮድ በስክሪኑ ላይ ሊያነቡ ይችላሉ።

ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ የርቀት እገዛን የሚጠይቀው ባለ ስልኩ እንጂ ደዋዩ መኾን የለበትም። እርስዎ ራስዎ ፈልገው ለሚያውቁት ሰው ከደወሉ እገዛ ነው። ያላወቁት ሰው ደውሎ "ልርዳዎት" ካለ ስልኩን ይዝጉ። ጥርጣሬ ካለ አገልግሎት ሰጪው ራሱ ባሳወቀው ቁጥር፣ ለምሳሌ ለቴሌብር በ127፣ ደውሎ መጠየቅ፣ ወይም ቅርንጫፍ ድረስ መሄድ ይቻላል።

ስልክ ለጥገና ሲሰጥ

ስልክዎን ለጠጋኝ ከመስጠትዎ በፊት የሚከተሉትን ይፈጽሙ።

ሲም ካርዱንና ሚሞሪ ካርዱን ያውጡ። ሲሙ ከሌለ የማረጋገጫ ኮድ በጽሑፍ መልእክት ወደዚያ ስልክ አይመጣም።

ስልኩ የሚሠራ ከኾነ ከባንክና ከክፍያ መተግበሪያዎች ይውጡ፤ ፎቶና ሰነድዎንም በሌላ ቦታ ያስቀምጡ።

የጎግል መለያዎን አድራሻና የይለፍ ቃል ያስታውሱ። ስልኩ በግድ ወደ ፋብሪካ ይዘቱ ቢመለስ የቀድሞው መለያ ይጠየቃል፤ የማያውቁት ከኾነ ለራስዎ ስልክ ባይተዋር ይኾናሉ።

የመክፈቻ ቁጥር መስጠት የግድ ከኾነ ጊዜያዊ ቁጥር አድርገው ይስጡ፤ ሲቀበሉም ይቀይሩት። ከተቻለ ሥራው እስኪያልቅ አብረው ይቆዩ። ለስክሪን፣ ለባትሪና ለቀዳዳ ጥገና ዲበጊንግ አያስፈልግም፤ ከተጠየቁ ለምን እንደኾነ መጠየቅ መብትዎ ነው። ጥሩ ጠጋኝ በደስታ ያስረዳል።

ስልኩን ሲረከቡ ደግሞ በገንቢ አማራጮች ውስጥ "የዲበጊንግ ፈቃዶችን ሰርዝ" የሚለውን ይጫኑ፤ ከዚያ ዲበጊንጉን፣ ቀጥሎም የገንቢ አማራጮቹን ያጥፉ። የመተግበሪያ ዝርዝሩን ተመልክተው እርስዎ ያልጫኑት ካለ ያስወግዱ። የርቀት እገዛ መተግበሪያ ተጭኖ ከነበረም ሥራው ካለቀ ያጥፉት።

በሩ ተከፍቶ ከተገኘ

ያልታወቀ ሰው ስልክዎን እያዘዘ መኾኑን ከተጠራጠሩ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ይቁረጡ፤ የበረራ ሁኔታን ማብራት ዋይፋዩንም ዳታውንም ስለሚዘጋ ፈጣኑ መንገድ ነው። ገመድ ተሰክቶ ከኾነ ይንቀሉት። ቀጥሎ በሌላ ሰው ስልክ ወደ ባንክዎና ወደ ክፍያ አገልግሎት ሰጪዎ ደውለው መለያው እንዲታገድ ያድርጉ። ደቂቃዎች ዋጋ ስላላቸው የስልኩን ማስተካከል ለኋላ ይተዉት። ከዚያ የሚስጥር ቁጥሮችን ከሌላ መሣሪያ ላይ ይቀይሩ፤ ለፖሊስም ያመልክቱ። የመጡ መልእክቶችን፣ የደወሉ ቁጥሮችንና የገንዘብ ዝውውሩን ማስረጃ አያጥፉ።

ሕጉም ከባለ ስልኩ ጎን ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል ያስጠይቃል፤ ዘመናዊ ስልክም በዚህ ትርጉም ውስጥ ይወድቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎች የግል መረጃ እንዴት መያዝ እንዳለበት ይደነግጋል። ለጥገና የተሰጠ ስልክ ውስጥ ያለውን ፎቶና መልእክት መበርበር የሥራው አካል አይደለም።

ገመዱ ራሱ ክፉም ደግም አይደለም። ጠጋኙ የሞተ ስልክ የሚያስነሣበት፣ ተማሪው ሙያ የሚማርበት፣ ቤተሰብ የሟች ዘመዱን ፎቶ ከተሰበረ ስልክ የሚያወጣበት መሣሪያ ነው። ከባለቤቱ የሚጠበቀው በስክሪኑ ላይ ለሚመጣው ጥያቄ ሳያነቡ "እሺ" አለማለት፣ ሥራው ሲያበቃም የከፈቱትን መዝጋት ነው።